ሁለት ፋይል በአንድ ዓምድ ማጣመር፦ በጅማ ቡናና በወረዳ ስም ሲታይ

በተርሚናል ላይ ሁለት የጽሑፍ ሰንጠረዦችን በጋራ ዓምድ ማጣመር ማለት የአንዱን ፋይል መስመር ከሌላው ፋይል መስመር ጋር በጋራ ቁልፍ ማገናኘት ነው። ዓምዶቹ በኮማ፣ በታብ ወይም በሌላ መለያ ይከፈላሉ። የዩኒክስና የሊኑክስ ሥርዓቶች ለዚህ ጆይን የሚባል ትእዛዝ አላቸው፤ በ1979 እ.ኤ.አ. በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ ነበረ። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ ስለ ተዛማጅ ሰንጠረዦች ያሳተመው ጽሑፍ ለመላው የዳታቤዝ ዓለም መሠረት ሆኗል።

በጅማ ነገሩን በቡና ማስረዳት ይቀላል። መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከለቀቃቸው የቡና ዝርያዎች ብዙዎቹ ስማቸው ቁጥር ነው፦ 744፣ 7440፣ 74110፣ 74112፣ 74158። መነሻው 74 የ1974 እ.ኤ.አ. ምርጫ መሆናቸውን ያመለክታል። በሙያው ሰዎች አፍ ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ በኋላ የሚቋቋሙት ዛፎች ሲፈለጉ የተገኙ ናቸው። አንድ ፋይል የዝርያውን ቁጥርና ባሕርይ፣ ሌላው የማሳ ቁጥር፣ ዝርያና ምርት ይዟል እንበል። በመጀመሪያው ፋይል ዝርያው 1ኛ ዓምድ፣ በሁለተኛው 2ኛ ዓምድ ላይ ነው። ለጆይን የሚነገረው ይኸው ነው፦ መለያው ኮማ መሆኑ፣ ከአንደኛው ፋይል 1ኛው፣ ከሁለተኛው 2ኛው ዓምድ ቁልፍ መሆኑ። ውጤቱ ቁልፉን ያስቀድማል፤ ቀጥሎ የመጀመሪያው ፋይል ቀሪ ዓምዶች፣ ከዚያ የሁለተኛው ይከተላሉ።

ጀማሪን የሚያሰናክለው ቅደም ተከተል ነው። ሁለቱም ፋይሎች በቁልፉ መደርደር አለባቸው፤ ድርደራውም እንደ ፊደል እንጂ እንደ ቁጥር አይደለም። በቁጥር ሚዛን 744 ከ7440፣ 7440ም ከ74110 ይቀድማል። በፊደል ሚዛን ግን 74110 ይቀድማል፤ ሦስተኛ አሃዙ 1 ነውና ከ4 ያንሳል። ሶርት የሚባለውን የመደርደሪያ ትእዛዝ በቁጥር አማራጩ የተጠቀመ ሰው ፋይሉ ዓይን ላይ የተስተካከለ ይመስለዋል፤ ጆይን ግን መስመሮችን ዘልሎ ያልፋል። በሊኑክስ ላይ የተለመደው የጂኤንዩ ጆይን ብዙ ጊዜ «አልተደረደረም» ብሎ ያማርራል፣ ግን ግማሽ ውጤት ካተመ በኋላ ነው። ሌላው ስህተት ለሶርት «ከ2ኛው ዓምድ» ብሎ መተው ነው፤ «ከ2 እስከ 2» ካልተባለ እስከ መስመሩ መጨረሻ ያለውን ሁሉ ያወዳድራል። ለሁለቱም ትእዛዞች አንድ ዓይነት የቋንቋ ቅንብር (ሎኬል) መስጠትም ግዴታ ነው።

ቁልፉ በሁለቱም በኩል ከተደጋገመ ውጤቱ ይባዛል፦ 3 መስመር በ2 መስመር 6 ይሆናል። ጥንድ ያጣ መስመር ደግሞ ካልተጠየቀ በስተቀር ይጣላል፤ ከውጤቱ ጋር እንዲወጣ፣ ወይም ብቻውን እንዲታይ የሚያደርጉ አማራጮች አሉ።

መደርደር የማይፈልግ ኦክ ወደሚባለው የጽሑፍ ማቀነባበሪያ ትእዛዝ ይሄዳል። ኦክ የመጀመሪያውን ፋይል በኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሚሞሪ) ይይዝና ሁለተኛውን መስመር በመስመር እያነበበ ይፈልጋል፤ የሁለተኛው ፋይል ቅደም ተከተልም አይነካም። የመጀመሪያው ፋይል ባዶ ከሆነ ግን የተለመደው ዘዴ ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያ ይቆጥረውና ምንም አያወጣም።

ይህ ሁሉ ግን የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነው። በጅማ ዞን መረጃ ላይ የሠራ ሰው የሚያውቀው ድካም ቁልፉ ራሱ ነው፣ በተለይ ቁልፉ የወረዳ ስም ሲሆን። ሰቃ ጨቆርሳ በአንዱ ፋይል በ«ሰ»፣ በሌላው በንጉሡ «ሠ» ይጻፋል፤ ሌላው ጸሐፊ «ሴካ» ይላል። ለአንባቢ ልዩነት የለውም፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ወረዳ ነው። የቁቤው (የኦሮምኛው የላቲን ፊደል) እና የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ደግሞ እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ «ጨ» በቁቤ አንድ ፊደል ሲሆን በእንግሊዝኛ ልማድ ሁለት ይሆናል። ሊሙ ኮሳ አንድ ቦታ ሁለት ቃል፣ ሌላ ቦታ ተጣብቆ ይገኛል።

የሞክሼ ፊደሎቹን ጉዳይ ማቃለል ይቻላል፦ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነዘሮቻቸው መለወጥ ነው። ለዚህ ፊደልን በፊደል የሚተካው የጂኤንዩ ቲአር ትእዛዝ አይሆንም፤ የሚሠራው በባይት ሲሆን አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ ሦስት ባይት ነው። ጽሑፍ ፈልጎ የሚተካው ሴድ የሚባል ትእዛዝ ይሻላል። ለውጡ በቁልፍ ዓምዱ ላይ ብቻ ቢሆን ደግ ነው፤ የሰውን ስም አጻጻፍ ማበላሸት ነውር ነው። የአማርኛ ነጠላ ሰረዝ እዚህ ላይ ባለውለታ ሆኖ ይገኛል፦ «፣» ከኮማ የተለየ ፊደል ስለሆነ የአማርኛ አድራሻ የኮማ ፋይልን አይሰብርም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አድራሻ በጥቅስ ውስጥ ኮማ ካለው ግን ጆይን ጥቅሱን ስለማያውቅ ዓምዱን ይሰነጥቀዋል፤ ያኔ ኤስኪውላይት ወደሚባለው ትንሽ ዳታቤዝ መሄድ ያዋጣል።

ዓመተ ምህረትም ቁልፍ ሲሆን ያሳስታል። አንድ ቢሮ 2015ን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ቢጽፍ ማጣመሩ ያለ ምንም ቅሬታ ይሳካል፣ የሁለት የተለያዩ ዘመናት ምርትም በአንድ መስመር ይቀመጣል። ከኤክሴል የመጣ ፋይል ደግሞ የማይታይ ነገር ይሸከማል፦ በፋይሉ መጀመሪያ ሦስት ባይት ምልክት፣ በየመስመሩ ጫፍ የዊንዶውስ የመስመር መመለሻ ምልክት። ቁልፉ የመጨረሻው ዓምድ ከሆነ ይህ መመለሻ ብቻ አንድም ጥንድ እንዳይገኝ ያደርጋል።

ልምድ ያላቸው ሰዎች ዋናውን ማጣመር ከማዘዛቸው በፊት ጥንድ ያጡትን ብቻ ከሁለቱም በኩል ያወጣሉ። የሚወጣው ዝርዝር ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ በግራ ያለው ስም በቀኝ ካለው ጋር በእጅ ተያይዞ የማስተካከያ ፋይል ይሆናል። ያ ፋይል ራሱ በጆይን ይጣመራል፣ የሚቀጥለው ዓመት መዝገብ ሲመጣም ያገለግላል።