ስለ ጊታር አምፕሊፋየር የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እየኖረ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ ጊታር የሚጫወት ሰው፣ ለቤት አንድ፣ ለመድረክ ሌላ አምፕ (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር) ለመግዛት አቅሙ ስለማይፈቅድለት አንዱ ለሁለቱም እንዲሆነው ይፈልጋል። እኔም እንዲሁ ነኝ፤ ከዚህ በታች የማነሳቸውን ስሕተቶችም አብዛኞቹን ከኪሴ ከፍዬ ተምሬአቸዋለሁ።

«ዋቱ እጥፍ ከሆነ ድምፁም እጥፍ ይሆናል።» አይሆንም። ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ከሆነ፣ ባለ 100 ዋቱ አምፕ ባለ 50 ዋቱን የሚበልጠው በ3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው፤ ጆሯችን «እጥፍ ሆነ» እንዲል ግን ኃይሉ ወደ 10 እጥፍ ማደግ አለበት። በዚህ ላይ፣ በ1 ዋት ኃይል በ1 ሜትር ርቀት 100 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር የተገጠመለት ባለ 50 ዋት፣ 97 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር ከያዘው ባለ 100 ዋት ጋር እኩል ይጮኻል። ዋቱን ሳይጠራ የቀረ ሻጭ አላጋጠመኝም፤ ስፒከሩን ያነሳልኝ ግን የለም።

«ጥሩ ድምፅ ያለው ቲዩብ አምፕ ብቻ ነው።» ቲዩብ አምፕ በትራንዚስተር ፈንታ ድምፁን በመስታወት ቱቦዎች የሚያጎላ ነው። ቲዩብ የሚወደድበት ያ ሞቅ ያለ ሻካራ ድምፅ በአብዛኛው የሚመጣው አምፑ ከፍ ብሎ ሲሠራ ነው፤ ባለ 15 ዋት ቲዩብ ደግሞ እዚያ ሲደርስ ከድራም ጋር ይፎካከራል። እኔ ቤት የድምፅ ቁልፉ 3 ላይ ሳይደርስ የታች ጎረቤታችን ልጅ በር አንኳኩቶ «እማዬ ትንሽ ቀንሱልን ብላለች» ይል ነበር። በ1975 የወጣው ሮላንድ ጄሲ 120 የተባለው አምፕ ቲዩብ የለበትም፤ ሆኖም በጠራ ድምፁ እስካሁን ይፈለጋል። እኔ በምጫወትባቸው ሠርጎች ትዝታም ይሁን ባቲ የሚጠይቀኝ ይህንኑ የጠራ ድምፅ ነው። ክብደቱ ግን 28 ኪሎ ገደማ ስለሆነ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ለሚኖር ሰው አልመክርም።

«ለመድረክ የሚሆነው ትልቅ አምፕ ነው።» ድንኳኑን የሚሞላው ሞንታርቦው ነው። አምፑ ለተጫዋቹና በአጠገቡ ላሉት ከተሰማ ይበቃል፤ ወደ ሠርገኛው የሚሄደው ድምፅ ከስፒከሩ ፊት በተተከለ ማይክ ወይም ከአምፑ ጀርባ በሚወጣ መስመር ወደ ሚክሰር ይገባል። ስለዚህ አምፕ ስመርጥ አስቀድሜ የማየው ጀርባውን ነው። መስመሩ የስፒከሩን ጠባይ አስመስሎ የሚያወጣ መሆን አለበት፤ የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎ ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ስለሚቀንስ፣ ያለዚያ ዲስቶርሽኑ (ሻካራው ድምፅ) በሞንታርቦ ሲወጣ ጆሮ ይበሳል። ለቤት ደግሞ የሄድፎን መሰኪያና ኃይል መቀነሻ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ቦስ ካታና 50 የተባለው አምፕ እስከ 0.5 ዋት ድረስ ይወርዳል።

«ከአሜሪካ የመጣ አምፕ ሶኬቱ ከተቀየረ ይሠራል።» የእኛ መብራት 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው 120፣ የጃፓኑ 100 ነው። የሶኬቱን ጫፍ መቀየር ቮልቱን አይቀይርም፤ ይህን ያወቅሁት ገና አንድ ኮርድ ሳልመታ የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ሲሞላው ነበር። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ሲገዛም የሚታየው የአምፑ የድምፅ ዋት ሳይሆን ከጀርባው የተጻፈው የኤሌክትሪክ ፍጆታ ነው፤ ባለ 22 ዋት ቲዩብ አምፕ ከሶኬት የሚስበው ከ100 ዋት ሊበልጥ ይችላል።