ዲፌንሲቭ ሬቲንግ ምንድን ነው? ሲዝን ሲጀመርስ ለምን ያሳስታል?

ሰሞኑን አንድ ሰው የሚደግፈው የባስኬት ቲም ገና አምስት ጨዋታ እንደተጫወተ «ዲፌንሲቭ ሬቲንጋችን ከሰላሳ ቲም 28ኛ ነው፣ ኮቹ ዲፌንስ አያውቅም፣ ይሄ ሲዝን አልቋል» ብሎ ጽፎ አየሁ። ከስሩ ሌላው ደግሞ «በጨዋታ 121 ነጥብ እየገባብን ምን ትጠብቃለህ» ይላል። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ኤንቢኤ፣ የአሜሪካው የባስኬት ሊግ፣ ሲጀመር ይሄንኑ ነው የማነበው፣ ዘንድሮ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ቁጥሩ ጥሩ ቁጥር ነው፣ እኔም ሁሌ አየዋለሁ፣ የሚያናድደኝ ቁጥሩ ያላለውን ነገር እንዳለ አድርገው ሲያወሩለት ነው።

ዲፌንስ መከላከል ነው፣ ዲፌንሲቭ ሬቲንግ ማለት ደግሞ ተጋጣሚ መቶ ጊዜ ኳስ ይዞ ቢመጣብህ ስንት ነጥብ ያገባብሃል ማለት ነው። ዝቅ ያለው ይሻላል። በቃ ይሄው ነው። ኮቹ ያውቃል አያውቅም የሚል ነገር ውስጡ የለም፣ ተጫዋቾቹ ይለፋሉ አይለፉም የሚልም የለም።

በመቶ ፖሰሽን (አንድ ፖሰሽን ማለት አንድ ቲም ኳስ ይዞ የሚያጠቃበት አንድ ዙር ነው) የሚሰላው ለምን እንደሆነ ከታላቅ ወንድሜ የተሻለ ያስረዳኝ ሰው የለም፣ እሱ ደግሞ ባስኬት አይቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ሚኒባስ ሲነዳ ባለንብረቱ ማታ ማታ «ዛሬ ስንት ነዳጅ ፈጀች?» ነበር የሚለው፣ ወንድሜ ደግሞ ሁሌ «መጀመሪያ ስንት ቢያጆ ሰራህ በለኝ» ይለዋል። አንዷ መኪና ሀያ ሊትር ፈጅታ ሀያ ቢያጆ ሰርታ፣ ሌላዋ አስር ሊትር ፈጅታ ስምንት ቢያጆ ብቻ ሰርታ ከሆነ ነዳጅ የምትበላው ሁለተኛዋ ናት፣ የቀኑን ብቻ ካየህ ግን የመጀመሪያዋን ነው ጋራዥ የምትወስደው። «በጨዋታ 121 ገባብን» ማለት የቀኑን ነዳጅ መጥራት ነው። የሚሮጥ ቲም ብዙ ቢያጆ ይሰራል፣ ተጋጣሚውም አብሮት ይሰራል። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2023 ኢንዲያና አትላንታን 157 ለ 152 አሸንፏል፣ ያለ ጭማሪ ሰዓት በ48 ደቂቃ ማለት ነው። እርግጥ ሁለቱም በዛች ማታ ዲፌንሳቸው ጥሩ አልነበረም፣ ግን እንደዛ የሚበሩ ሁለት ቲሞች ባይገናኙ ኖሮ ዲፌንሱ ያው ሆኖም እንዲህ ያለ ስኮር አታይም።

እዚ ላይ ግን የኛ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። በ1990-91 ሲዝን ዴንቨር ነጌትስ በጨዋታ 130.8 ነጥብ ገብቶበታል፣ እስከዛሬ ሪከርድ ነው። ሲዝኑ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ፊኒክስ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 107 ነጥብ አስቆጥሮበት ጨዋታው 173 ለ 143 አለቀ። ኮቹ ፖል ዌስትሄድ እንደ እብድ እንዲሮጡ ነበር የሚፈልገው፣ ስለዚ ያ ሁሉ ነጥብ ወደ መቶ ፖሰሽን ሲቀየር 115 አካባቢ ነው የሚሆነው። 115 ማለት ደግሞ በ2023-24 የሊጉ አማካይ ቁጥር ነው። ታዲያ የዛ ጊዜው ዴንቨር ዛሬ መካከለኛ ዲፌንስ ነበር ማለት ነው? አይደለም፣ በዛን ጊዜው ሊግ መጨረሻ ነበር፣ 20 አሸንፎ 62 ተሸንፏል። ዛሬ ሁሉም ቲም ሶስት ነጥብ የሚያስገኘውን የሩቅ ኳስ ስለሚተኩስ በአንድ ቢያጆ የሚገባው ነጥብ ራሱ ጨምሯል። ስለዚ ሬቲንግ የሚወዳደረው በዛው ዓመት ካሉት ጋር ብቻ ነው፣ «የድሮው ቲማችን 104 ነበር ዛሬ 114 ሆነ ወይኔ» ማለት የድሮን የጤፍ ዋጋ ከዛሬው ጋር አስቀምጦ ነጋዴውን መሳደብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ቢያጆውን ቆጠርክ እንበል። ወንድሜ ቀጥሎ የሚለው «የት መስመር ነው የሰራሁት?» ነው። ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ስትወጣ የሚበላው ነዳጅና ከስታዲየም ቦሌ ስትሄድ የሚበላው አንድ አይደለም። በአምስት ጨዋታ ውስጥ ሶስቱን ከሊጉ ምርጥ አጥቂ ቲሞች ጋር የተጫወተ ቲም እንጦጦ ሲወጣ ነው የከረመው፣ 28ኛ ደረጃው ላይ ግን ይሄ አልተጻፈም። ከዛ ደግሞ ሶስተኛው ጥያቄ አለ፣ ወረፋና መንገድ መዘጋት። ሹፌሩም ሞተሩም ምንም ሳያጠፉ መኪናዋ ቆማ ነዳጅ ትበላለች። ባስኬት ላይ ይሄ ወረፋ ማለት የተጋጣሚ ሶስት ነጥብ ነው።

ሒሳቡን እዚሁ እንስራው፣ ምክንያቱም ያ ሰው «ዕድል ዕድል አትበሉ» ሊል ይችላል። አንድ ቲም በጨዋታ 35 ባለሶስት ይተኮስበታል እንበል፣ በአምስት ጨዋታ 175 ይሆናል። ሊጉ በአማካይ 36 ፐርሰንት አካባቢ ያስገባል፣ ስለዚ 63 መግባት ነበረበት። ተጋጣሚዎች በአጋጣሚ 42 ፐርሰንት ቢያስገቡ 73 ወይ 74 ይገባል። ልዩነቱ ወደ 31 ነጥብ ነው፣ በጨዋታ ስድስት ነጥብ፣ ጨዋታ ደግሞ መቶ ፖሰሽን ስለሚጠጋ ሬቲንጉ ላይም ስድስት ነው። (በትክክል ለመናገር ትንሽ ያንሳል፣ ቢስቱት ኖሮ ስቶ የሚመለሰው ኳስ፣ ሪባውንዱ፣ ሁሉም የኛ አይሆንም ነበርና።) በሊጉ መካከለኛና መጨረሻ ቲም መሀል ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አይበልጥም! እና ምንም ያልተበላሸ ዲፌንስ ላይ እንዲህ አይነት አምስት ጨዋታ በአጋጣሚ ብቻ ከሀያ አንዴ ይደርሳል፣ ቲሙ ሰላሳ ስለሆነ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ አንድ ሁለት ቲም ይደርሰዋል ማለት ነው። የነዛ ቲም ደጋፊዎች ናቸው ኮች የሚያባርሩት። የቅጣት ምቱ ደግሞ ይባስ ነው፣ ተጋጣሚ መስመሩ ላይ ቆሞ አስሩንም ሲያስገባ ዲፌንስህ እጁን አጣጥፎ ከማየት ሌላ ምን ያደርጋል፣ ሬቲንግህ ውስጥ ግን ይገባል።

ይሄ ማለት ዲፌንስ ዕድል ነው ማለት አይደለም፣ እንዳትሳሳቱብኝ። ዲፌንስ የሚቆጣጠረው ኳሷ ትግባ አትግባ ሳይሆን ምን አይነት ኳስ እንደሚተኮስበት ነው። ወንድሜ ሞተሩ ችግር እንዳለው የሚያውቀው በቀኑ ነዳጅ ሳይሆን በጭሱና በድምጹ ነበር። የዲፌንስም ጭስ አለው።

አንድ ፖሰሽን ላሳያችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚ ሜሪላንድ የሀበሻ ልጆች አሰለጥናለሁ፣ ሁሌ የምናቆመው እዚችው ቦታ ላይ ነው። ኳስ የያዘው ፒክ ተደርጎለት (የራሱ ቲም ልጅ ቆሞ ጠባቂውን ዘግቶለት) ወደ መሀል ይገባል፣ የኛ ረጅሙ ወደ ኋላ ይቀርለታል፣ ፒክ ያደረገው ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል። ያኔ በሌላኛው ጎን ኮርነር (የሜዳው ጥግ) ላይ ያለውን የሚጠብቀው ልጅ አንድ ሁለት እርምጃ ገብቶ የሚሮጠውን በትከሻው ማስቆም፣ ከዛ ወደ ኮርነሩ መመለስ አለበት። ኳሷ ገና ከእጅ ስትወጣ ከተነሳ ይደርሳል። ኳሷ ኮርነር ላይ ያለው እጅ ከገባች በኋላ ከተነሳ አይደርስም፣ ሮጦ እጁን ቢያነሳም ለፎቶ ነው። በቃ ግማሽ ሰከንድ ናት። አዲስ ተጫዋች የገባበት ቲም ሲዝን ሲጀመር የሚቸገረው እዚች ግማሽ ሰከንድ ላይ ነው፣ ማን እንደሚገባ ማን እንደሚመለስ ገና በአይን አልተግባቡም። እና ያ ባዶ ኮርነር ላይ የነበረ ልጅ ቢስተው ሬቲንጉ ዲፌንሱን «ጎበዝ» ይለዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ልጁ በሰዓቱ ደርሶ እጁን ፊቱ ላይ አንስቶበት ቢያስገባ «ደካማ» ይለዋል። በመቶ ጨዋታ ይስተካከላል፣ በአምስት አይስተካከልም።

እውነተኛ ታሪክ ልጥቀስ፣ ሂውስተን ሮኬትስ በ2018። በፊተኛው ዓመት 65 ጨዋታ አሸንፈው በጥሎ ማለፉ ጎልደን ስቴትን እስከ ሰባተኛ ጨዋታ ያደረሱ ናቸው፣ ዲፌንሳቸው በፒክ ላይ ሰው መቀያየር ነበር፣ ማንም ማንንም ይይዛል። ክረምት ላይ ትሬቨር አሪዛ ወደ ፊኒክስ፣ ሉክ ምባ አ ሙቴ ወደ ክሊፐርስ ሄዱ፣ ዲፌንሱን የሚመራው ረዳት ኮች ጄፍ ብዝዴሊክም ሲዝኑ ሊጀመር ሲል ጡረታ ወጣ። ካርሜሎ አንቶኒ መጣ። የመጀመሪያውን ጨዋታ በሜዳቸው በኒው ኦርሊንስ 131 ለ 112 ተሸነፉ፣ ከስድስት ጨዋታ አንድ ብቻ አሸነፉ፣ ሁሉም ሰው በአንድ ድምጽ «ዲፌንሱ ሞቷል» አለ።

ግን ሽንፈቶቹን አንድ በአንድ አውጥታችሁ እዩዋቸው። በዩታ 100 ለ 89፣ በፖርትላንድ 104 ለ 85። በዛ ዓመት ሊጉ በአማካይ በጨዋታ 111 ያስቆጥር ነበር፣ 100 እና 104 የገባበት ዲፌንስ በየት በኩል ነው የሞተው? የዩታው ጊዜ ክሪስ ፖል ከሌከርስ ጋር በተነሳው ጠብ ተቀጥቶ አልነበረም፣ የፖርትላንዱ ጊዜ ጄምስ ሃርደን ተጎድቶ አልነበረም፣ የጎደለው ኳስ የሚያገባ ሰው ነው። ከኒው ኦርሊንስና ክሊፐርስ ጋር (133 ገባባቸው) ግን ችግሩ የምር ነበር፣ ጭሱም ይታይ ነበር፣ ሲቀያየሩ ትልቁን የሚይዝ ረጅም እጅ ያለው ሰው ሄዷል። ስለዚ ሁለት የተለያየ በሽታ በአንድ ስም ተጠራ ማለት ነው። አንቶኒ አስር ጨዋታ ተጫውቶ ቆመ፣ ብዝዴሊክ ኖቬምበር ላይ ከጡረታ ተመለሰ፣ ዲሴምበር ላይ 11 አሸንፈው 14 ተሸንፈው ነበር፣ መጨረሻ ላይ 53 ለ 29 ጨረሱ። በጥቅምቱ ቁጥር የተፈረደው ፍርድ የት ገባ?

ሌላው የማይታየው ነገር የራስህ ኦፌንስ፣ ማጥቃትህ፣ ነው። መሀል ሜዳ ላይ ኳስ ስታስቀማ ተጋጣሚ ሁለት ለአንድ ሆኖ ይሮጣል፣ ያንን ቅርጫት የትኛውም የዲፌንስ ኮች አያስቆመውም፣ ሬቲንጉ ላይ ግን የተጻፈው በዲፌንስ ስም ነው። አዲስ ቲም ሲዝን ሲጀመር ኳስ አብዝቶ ያበላሻል፣ እና ዲፌንሱ ይሰደባል። መኪናዋ ጎማዋ ተንፍሶ ነዳጅ ብትበላ ሞተር አታወርድም።

የተጫዋች ዲፌንሲቭ ሬቲንግ ስለሚባለው ብዙ አልልም። አንድ ሰው ሜዳ ላይ ሲኖር የአምስቱም ውጤት ነው የሚጻፍለት፣ በአምስት ጨዋታ እሱን ይዞ «እከሌ ይውጣ» ማለት ነውር ነው።

እኔ ለዓመታት ስታት ስይዝ ስለነበር ይሄንንም ሳልል አላልፍም፣ ፖሰሽን ራሱ ብዙ ጊዜ የሚገመት ነው። የተኩስ ሙከራ ሲደመር 0.44 ጊዜ ቅጣት ምት፣ ሲቀነስ የማጥቃት ሪባውንድ፣ ሲደመር የተበላሸ ኳስ። 0.44 የሆነው ቅጣት ምት ሁሉ ፖሰሽን ስለማይጨርስ ነው፣ ለኮሌጅ 0.475 የሚጠቀሙ አሉ፣ ለልጆች ጨዋታ ሁለቱም ስለማይሆኑ በእጅ ነው የምቆጥረው። አንዳንዱ ገጽ ይገምታል፣ አንዳንዱ እያንዳንዱን ጨዋታ ተከትሎ ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ጨዋታው ካለቀለት በኋላ ያሉትን ደቂቃዎች ያወጣል። ስለዚ አንዱ 112.1 ሌላው 113 ቢልህ ማንም አልዋሸም፣ በዛች ነጥብ 21ኛ ነን 24ኛ ነን ብለህ አትጣላ።

28ኛ ነን ላልከው ሰው፣ ምናልባት ቲምህ የምር ዲፌንሱ ተበላሽቶ ይሆናል፣ አልክድህም። ግን ስድስተኛውን ጨዋታ ስታይ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ። ተጋጣሚ ከቅርጫቱ ስር ስንት ተኮሰ፣ ከኮርነር ስንት ተኮሰ፣ ከነሱ ውስጥ እጅ ሳይነሳበት የተተኮሰው ስንት ነው፣ ገባ አልገባ አትጻፍ። ቅጣት ምት ስንት ሰጣችሁ፣ ከሳቱት ኳስ ስንቱን እነሱ መልሰው ያዙት። ወረቀቱን ይዘህ ና፣ ከዛ ስለ ኮቹ እናወራለን።