ስታር ትሬክን መውደድ፦ ጅማ ላይ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጠፈር መርከብ የሚጓዙ ሰዎችን ታሪክ የሚተርከው የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም ስታር ትሬክ በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 3 ቀን 1958 ዓ.ም. ላይ ስለሚውል አድናቂዎች በየዓመቱ የሚያስቡት ቀን እዚህ አገር ሁልጊዜ የሩፋኤል ዕለት ነው። ጅማ ላይ በዚያ ሰሞን ዝናቡ ገና አላባራም፤ ሰብሰብ ብሎ ለማየት የተመቸ ጊዜ ነው። ነገር ግን መጀመር የፈለገ ሰው ገና ከበሩ የሚመልሱት አባባሎች ይሰማል። አንዳንዶቹ ከቤተሰብ ይመጣሉ፣ አንዳንዶቹን የሚያናፍሱት ራሳቸው አድናቂዎቹ ናቸው።

«ከ1966ቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል ያላየ አይገባውም»

ጀማሪን እንደዚህ ምክር የሚያርቅ የለም። የመጀመሪያው ስታር ትሬክ በ3 ሲዝን 79 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል ማለት ይቻላል ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ ከየትም ቢነሱ ይገባል። ከ1987 እስከ 1994 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት የፊልሙ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተሠራው «ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» ደግሞ 7 ሲዝንና 178 ክፍሎች አሉት። የእሱ አንደኛ ሲዝን ደካማ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ይቀያየሩ ነበር፣ ገጸ ባሕርያቱም ገና አልጠሩም። ከእሱ የጀመረ ሰው አምስተኛው ክፍል ላይ ቢያቆም አይፈረድበትም።

የእኛ ምክር ይህ ነው። ከ«ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» መጀመሪያ ሲዝን 2 ክፍል 9ን እዩ፤ ዴታ የተባለው ሰው መሰል ማሽን ንብረት ነው ወይስ ባለ መብት የሚለው በችሎት የሚታይበት ነው። ቀጥሎ ሲዝን 5 ክፍል 2። እዚያ ላይ ያለው ሕዝብ የሚነጋገረው የጥንት ታሪኮቹን እየጠቀሰ ብቻ ስለሆነ፣ ቃሉ ተተርጉሞም ካፒቴኑ ምንም አይገባውም። በተረትና ምሳሌ ማውራት የለመደ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ክፍል ከብዙዎች ቀድሞ ይረዳዋል። ከዚያ ሲዝን 5 ክፍል 25ን እዩ። እነዚህ ሦስቱ ከያዟችሁ ከሲዝን 3 መጀመሪያ ተነሥታችሁ ቀጥሉ፤ ወደ አንደኛው በኋላ ትመለሳላችሁ።

ቅደም ተከተል የግድ የሚሆንባቸውም አሉ። 176 ክፍሎች ያሉት «ዲፕ ስፔስ ናይን» ወደ ማብቂያው አንድ ረጅም ጦርነት ይተርካል፤ ከመጨረሻዎቹ 10 ክፍሎች አንዱ ካለፋችሁ ክሩ ይጠፋችኋል። በ2017 የጀመረው «ዲስከቨሪ»ም ሲዝኑን ሙሉ አንድ ታሪክ ይዞ የሚሄድ ነው።

አንድ ጠቃሚ ዘዴ፦ «ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» ውስጥ ካፒቴኑ የሚጠራው የኮከብ ቀን (የታሪኩ የራሱ የቀን ቁጥር) አምስት አኃዝ አለው፤ ሁለተኛው አኃዝ ሲዝኑን ይናገራል። በ41 ከጀመረ አንደኛ ሲዝን፣ በ45 ከጀመረ አምስተኛ ነው። ስሙ የተበላሸ ፋይል ሲገጥማችሁ የመጀመሪያውን ደቂቃ ሰምታችሁ ቦታውን ታውቃላችሁ። በ1966ቱ ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ቁጥሮቹ ከስርጭቱ ቅደም ተከተል ጋር አይሄዱም።

«ፈጣን ኢንተርኔትና ብዙ ብር ይፈልጋል»

ሒሳቡን እንሥራ። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በ45 ደቂቃ 2,700 ሜጋቢት ይሆናል፤ ለስምንት ሲካፈል 340 ሜጋባይት ገደማ ነው። ለስልክና ለላፕቶፕ ይህ በቂ ጥራት ነው። ጥራቱ «አውቶ» ላይ ከተተወ ግን ፊልሙን የምታዩበት አፕ ኔትወርኩ እስከፈቀደለት ድረስ ይወጣል፣ ያው አንድ ክፍል 1 ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ፓኬጅ በአንድ ማታ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ጥራቱን ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ላይ አድርጉት።

በቀጥታ ከማየት ደግሞ አፑ ውስጥ ማውረድ ይሻላል። በቀጥታ ስታዩ ወደ ኋላ በመለሳችሁ ቁጥር ያው ቦታ እንደገና ሊወርድ ይችላል፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥም እንደዚሁ። የወረደ ክፍል የሚከፈልበት አንዴ ነው፤ በሌሊት ፓኬጅ ካወረዳችሁት ደግሞ ይረክሳል። አብዛኞቹ አፖች ለወረደው ፋይል የጊዜ ገደብ ስለሚያስቀምጡ የሳምንቱን ብቻ አውርዱ። መብራት ቢጠፋ እንዳትቋረጡ ላፕቶፑን ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ። ለአምስት ሰው አንድ ስክሪን ይበቃል፤ ስታር ትሬክ ደግሞ ካለቀ በኋላ የሚያከራክር ፊልም ስለሆነ ለብቻ ከማየት አብሮ ማየት ይጥማል።

«ከውጭ የተላከልኝ ዲቪዲ አልከፍት አለ፤ ተበላሽቶ ነው የመጣው»

ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። ዲቪዲ የአካባቢ ቁጥር አለው። የአሜሪካው 1፣ የአውሮፓው 2፣ የኢትዮጵያ 5 ነው፤ ቁጥሩ ያልገጠመ ማጫወቻ ዲስኩን አይቀበልም። የሚላክላችሁ ዘመድ ካለ ከመግዛቱ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን የሉል ምልክት እንዲያይ ንገሩት። ሉሉ ላይ 0 ወይም «ኦል» ከተጻፈ የትም ይሠራል። የላፕቶፕ ዲቪዲ ማጫወቻ ቁጥሩን ለመቀየር የሚፈቅደው 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ አምስተኛው ላይ የመረጣችሁት ለዘለቄታው ይጸናል። እየሞከሩ መጫወት አያስፈልግም።

የጅማ እርጥበት ዲስክ ላይ ሻጋታ ያመጣል። በሣጥኑ ውስጥ አቁማችሁ አስቀምጡ፤ ስትጠርጉ ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ እንጂ በክብ አይሁን። በክብ የሄደ ጭረት የመረጃውን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ ማጫወቻው ሊያርመው ይከብደዋል።

«ሰብታይትሉ እየዘገየ ሄደ፤ ፋይሉ አይረባም»

ሁለቱን ለዩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኩል መጠን ከዘገየ ወይም ከቀደመ ቀላል ነው፦ ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ «ጂ» እና «ኤች» ቁልፎች በአንድ ንክኪ 50 ሚሊ ሰከንድ ታንቀሳቅሱታላችሁ። መጀመሪያ ገጥሞ ወደ መጨረሻው እየራቀ ከሄደ ግን የፍጥነት ልዩነት ነው። የአሜሪካው ቅጂ በሰከንድ 23.976 ምስል ሲሄድ የአውሮፓው 25 ስለሆነ 4 በመቶ ያህል ይፈጥናል። የ45 ደቂቃው ክፍል 43 ደቂቃ ገደማ ላይ ያልቃል፤ በዚህ ምክንያት መጨረሻ ላይ ሰብታይትሉ ወደ 2 ደቂቃ ይርቃል። በቁልፍ እየገፋችሁ አትደርሱበትም። «ሰብታይትል ኤዲት» በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የፍሬም ፍጥነቱን ከ23.976 ወደ 25 ወይም በተቃራኒው ቀይሩትና ጨርሱ።

ወላጆች እንዲያዩ የአማርኛ ሰብታይትል የሚሠሩ ጎበዞች የሚገጥማቸው ሌላ ችግር ነው፦ ቴሌቪዥኑ ላይ ፊደሉ በባዶ ሣጥን ይተካል። ፋይሉን ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል ኮድ ሴቭ ማድረግ የመጀመሪያው ነው። እንዲህም ሆኖ ብዙ ቴሌቪዥኖች የግዕዝ ፎንት የላቸውም። መፍትሔው ከላፕቶፑ በኤችዲኤምአይ ገመድ ማሳየትና ቪኤልሲ ውስጥ «ኒያላ» ወይም «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ፎንት መምረጥ ነው። በአፋን ኦሮሞ የተሠራ ሰብታይትል በቁቤ ስለሚጻፍ በፍላሽ ተሰክቶም ያለ ችግር ይነበባል፤ ጅማ ላይ ለብዙ ቤት ይህ ይቀላል።

ስትተረጉሙ አንዱን ዐረፍተ ነገር ለሁለት ሰብታይትል አትክፈሉት። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ተመልካቹ ካፒቴኑ «ተኩሱ» ይበል «አትተኩሱ» ሳያውቅ ምስሉ ያልፈዋል። ማሳጠር ይሻላል።

«የፈረንጅ ተረት ነው፤ ለእኛ ቦታ የለውም»

በ1966 ኒሼል ኒኮልስ የመርከቧ የመገናኛ መኮንን ኡሁራ ሆና ስትቀርብ፣ ጥቁር ሴት በአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ባለ ሥልጣን ሆና መታየቷ እንግዳ ነገር ነበር። ከአንደኛው ሲዝን በኋላ ልትለቅ ስትል እንዳትለቅ የመከራት ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው። ከ1977 ጀምሮ ሴቶችና ጥቁሮች ለጠፈር ጉዞ እንዲያመለክቱ ለናሳ ቀስቅሳለች። ተከታታዩን እያየች ያደገችው ሜይ ጄሚሰን በ1992 ወደ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ በ1993 ራሷ «ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» ውስጥ በአንድ ክፍል ላይ ተውናለች። የዚያው መርከብ ዋና መሐንዲስ ጆርዲ ላ ፎርጅ ደግሞ በታሪኩ የተወለደው ከጎረቤታችን ከሞቃዲሾ ነው።

«የጣት ሰላምታው የሰይጣን ምልክት ነው»

ይህ ቤተሰብን በእውነት የሚያስጨንቅ ስለሆነ በአክብሮት መመለስ አለበት። ሰላምታውን የሚሰጠውን የ1966ቱን ገጸ ባሕርይ ስፖክን የተጫወተው ሊዮናርድ ኒሞይ አይሁዳዊ ነበር። ምልክቱን ያገኘው ልጅ ሳለ ቦስተን ምኩራብ ውስጥ ካህናቱ ሕዝቡን ሲባርኩ አይቶ ነው። የሚያደርሱት ቡራኬ ኦሪት ዘኁልቁ 6፥24-26 ላይ ያለው «እግዚአብሔር ይባርክህ፥ ይጠብቅህም» የሚለው ነው። ካህናቱ በሁለት እጅ ያደርጉታል፣ ኒሞይ በአንድ እጅ አደረገው፤ በ1967 በሁለተኛው ሲዝን መክፈቻ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። መጽሐፉን ከፍታችሁ ለእናታችሁ አንብቡላቸው፤ ጭንቀቱ ያኔ ይቀላል።

አሠራሩ፦ አመልካች ከመሃል ጣት፣ የቀለበት ጣት ከትንሿ ጣት ይጣበቃሉ፤ መሃላቸው ይከፈታል፤ አውራ ጣት ወደ ውጭ ይዘረጋል። እምቢ ካላችሁ በሌላው እጅ እየያዛችሁ ለምዱት።

«ቀይ የለበሰ ሟች ነው፤ ካፒቴን ቢጫ ይለብሳል»

በ1966ቱ ብቻ። እዚያ ቢጫው የአዛዦች፣ ሰማያዊው የሳይንስና የሕክምና፣ ቀዩ የምህንድስና፣ የጥበቃና የመገናኛ ነው። በ1987ቱ ተገላብጦ ካፒቴኑ ቀይ፣ መሐንዲሱና ጥበቃው ቢጫ ለበሱ። ልብሱን ለማሰፋት ስትነሡ መጀመሪያ የትኛውን ዘመን እንደምትፈልጉ ወስኑ።

የመጀመሪያው ይቀላል፣ የጅማ ልብስ ሰፊዎችም ይችሉታል። ስፋቱ 1.50 ሜትር የሆነ ከፋይ 2 ሜትር፣ ለአንገቱ 30 ሳንቲ ሜትር ጥቁር ጨርቅ፣ ለእጅጌው ወርቃማ ጥብጣብ 2 ሜትር ያህል ሕርማታ መርካቶ ወርዳችሁ ፈልጉ። ከፋዩን ከመቁረጥ በፊት ንከሩትና ጥላ ላይ አድርቁት፤ የቴሌቪዥኑ የመጀመሪያ ሁለት ሲዝን ልብስ ከዚሁ ዓይነት ጨርቅ ተሠርቶ በታጠበ ቁጥር ይሰበሰብ ስለነበር በሦስተኛው ሲዝን ወደ ናይሎን ተቀይሯል። ሰፊው ሁሉንም ቁራጭ የከፋዩ ጠጉር ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲተኛ አድርጎ ይቁረጥ። አንዱ እጅጌ ከተገለበጠ ብርሃን ላይ ሌላ ቀለም ይመስላል፤ ከተሰፋ በኋላ አይታረምም።

የአዛዦቹ ቀለምም ያሳስታል። ዋናው ከፋይ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነበር፤ ወርቃማ ያስመሰለው የስቱዲዮው መብራትና ፊልሙ ነው። የቱን ትመርጣላችሁ የሚለው የእናንተ ነው፣ ፎቶ ላይ የሚታወቀው ግን ወርቃማው ነው። እጅጌው ላይ ካፒቴን ሁለት ሙሉ መስመርና በመካከላቸው አንድ የተቆራረጠ፣ ሌተናንት አንድ ሙሉ መስመር አለው፤ ዝቅተኛው መኮንን ኤንሳይን ምንም የለውም። ደረት ላይ ያለውን ምልክት ከፕላስቲክ ከማዘዝ በርጩማ ለሚሠራ የጅማ አናጢ ስዕሉን በትክክለኛ መጠን አትማችሁ ስጡት። ከዋንዛ ተቀርጾ ወርቃማ ቀለም ሲቀባ እጅግ ያምራል።

«ሳይንስ ያልተማረ አይረዳውም»

አይደለም፤ «ሳይንሱ ሁሉ እውነት ነው» ማለትም ስሕተት ነው። ሰውን በቅጽበት ወደ ፕላኔት የሚያወርደው ትራንስፖርተር የተፈጠረው በየሳምንቱ መርከቧን ስታርፍ ማሳየት ለበጀቱ ከባድ ስለነበር ነው። ከብርሃን ፍጥነት በላይ የሚያስኬደውን ዋርፕ በተመለከተ ሚጌል አልኩቤሬ በ1994 በሒሳብ የሚቻል ቀመር አሳይቷል፤ ግን አሉታዊ ኃይል ስለሚጠይቅ የሚሠራበት መንገድ የለም።

«አድናቂ ተመልካች ብቻ ነው»

ሁለተኛው ሲዝን ላይ ተከታታዩ ሊቋረጥ ሲል ቢጆ እና ጆን ትሪምብል የተባሉ ባልና ሚስት የደብዳቤ ዘመቻ መሩ። ኤንቢሲ በደብዳቤ ተጥለቅልቆ ማርች 1 ቀን 1968 ፊልሙ እንደሚቀጥል በአየር ላይ አስታወቀ። ድሉ ግን ሙሉ አልነበረም፤ ሦስተኛው ሲዝን በጀቱ ተቀንሶ ዓርብ ማታ በ10 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ወጣቶች ቤት በማይገኙበት ጊዜ ተጣለ፤ በ1969 ቆመ። በ1976 ደግሞ የናሳ የመጀመሪያ ስፔስ ሻትል (ተመላላሽ የጠፈር መንኮራኩር) በአድናቂዎች ደብዳቤ «ኢንተርፕራይዝ» ተባለ። ለሙከራ በረራ የተሠራ ስለነበር ወደ ጠፈር አልወጣም።

«‹ቢም ሚ አፕ፣ ስኮቲ› የካፒቴን ከርክ ንግግር ነው»

ከርክ የ1966ቱ መርከብ ካፒቴን፣ ስኮቲ መሐንዲሱ ነው፤ ንግግሩም «በትራንስፖርተሩ ወደ መርከቧ አንሣኝ» ማለት ነው። በ79ኙ ክፍሎች ውስጥ በእነዚህ ቃላት፣ በዚህ ቅደም ተከተል አንድም ጊዜ አልተባለም። በጣም የሚቀርበው በ1986ቱ አራተኛ ፊልም ላይ ስሙን አስቀድሞ «ስኮቲ፣ ቢም ሚ አፕ» ያለው ነው። የሩፋኤል ዕለት ጥያቄና መልስ የምታዘጋጁ ከሆነ ይህን ጥያቄ ከማስገባታችሁ በፊት መልሱን አስተካክሉ።