ከባድ ውንብድና ምንድን ነው?

ባንክ ተዘረፈ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ወሰዱ?» ነው። ሕጉ ግን ብሩን አያስቀድምም። ሌሊት ጣሪያ ቀዶ ገብቶ ካዝና የፈታ ሰው ሚሊዮን ብር ቢወስድም ወንጀሉ ስርቆት ነው፤ ቢከብድ ከባድ ስርቆት ነው። በጠራራ ፀሐይ ሽጉጥ ደግኖ 2,000 ብር የነጠቀ ግን ወንበዴ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 670 መሠረት ውንብድና ማለት የሰው ንብረት ለመውሰድ ብሎ በሰው ላይ ኃይል ወይም ከባድ ዛቻ መጠቀም፣ አለዚያም ሰውየው እንዳይከላከል ማድረግ ነው። ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። በአንቀጽ 671 ወንጀሉ የሚከብደው በቡድን ወይም በጦር መሣሪያ ሲፈጸም ሲሆን፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 25 ዓመት ይሆናል። በተፈጸመው የኃይል ድርጊት ሰው ከሞተ ወይም ለዘለቄታው አካሉ ከጎደለ ደግሞ ንዑስ አንቀጽ 2 ይመጣል፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት።

የሚያከራክረው ማን በየትኛው ይጠየቃል የሚለው ነው። እንበል፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ፣ ሙቀቱ ሰዉን ከመንገድ ባስገባበት ሰዓት ሁለት ሰዎች ባንክ ገቡ። ሦስተኛው በር ላይ ባጃጁን ሞተር ሳያጠፋ ይጠብቃል። ውስጥ አንዱ ተኩሶ ጥበቃውን ገደለ፤ ሌላው ብሩን በማዳበሪያ ከረጢት ሞላ።

ስለ ተኳሹ ብዙ አያነጋግርም። ከረጢት የያዘውም «እኔ አልተኮስኩም» ስላለ ብቻ አያመልጥም። አንቀጽ 32 እጁ ምላጭ ባይነካም በሐሳቡና በውጤቱ የወንጀሉ ሙሉ ተካፋይ የሆነን ሰው ዋና ወንጀል አድራጊ ይለዋል። ጭንቁ ባለባጃጁ ነው። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች በዝርፊያ መሐል ሰው ከሞተ ውጭ የቆመው ሹፌርም ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ሊፈረድበት ይችላል። የእኛ ሕግ እንደዚያ አይሄድም፤ አንቀጽ 58(3) ሰው ካሰበው ወይም ከገመተው አልፎ በመጣው ነገር አይጠየቅም ይላል። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ያውቅ ነበር?» ይሆናል። ተሳፋሪ መስለውት ከነበረ ወንጀል የለበትም። ሽጉጡ የውሸት ነው ተብሎ ከልቡ አምኖ ከነበረ ለሚያውቀው ዝርፊያ እንጂ ለሞቱ አይጠየቅም። ሽጉጡን ጥይት ሲያጎርሱት አይቶ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ከነዳ ግን ያ ራሱ ሐሳብ ነው። የምርመራ መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚሳሳው እዚህ ላይ ነው፦ መርማሪው ባጃጁ የት እንደቆመ በሜትር ለክቶ ይጽፋል፤ ሹፌሩ መሣሪያውን መቼ እንዳየ አይጠይቅም። ይህ ሳይረጋገጥ ቢቀር ፍርድ ቤቱ በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 113(2) አንቀጹን ወደ ቀላሉ ለውጦ ሊፈርድ ይችላል።

ተጠርጣሪ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ፖሊስ የምርመራ ቀጠሮ ሲጠይቅ በአንድ ጊዜ የሚፈቀድለት ከ14 ቀን አይበልጥም። ዋስትና በዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 63 ይታያል፤ ክሱ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ወይም ሞት የሚያስቀጣ ሆኖ ተጎጂው ከሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ከሆነ አይፈቀድም። ጥበቃው ገና ሳይሞት ድል ጮራ ሆስፒታል ተኝቶ ቢሆን እንኳ፣ ሊሞት ይችላል ከተባለ በሩ ዝግ ነው። ድሬዳዋ ላይ የተፈጸመውን የሚያየው እዚያው ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ወንበዴዎቹ ደንገጎን አቋርጠው ሐረር ቢያዙም ይህ አይለወጥም፤ የሐረሪ ክልል ፍርድ ቤት የሚያየው ሐረር ውስጥ የተፈጸመውን ነው።

ለከባድ ውንብድናና ለከባድ ግድያ ብቻ የተለየ እርምጃ አለ፤ ቀዳሚ ምርመራ ይባላል። ዳኛው ጥፋተኛ ነው አይደለም አይልም፤ የዐቃቤ ሕግን ምስክሮች ቃል ሰምቶ ይመዘግባል። ጥቅሙ የሚታወቀው ዋናው ክርክር ሲዘገይ ነው። ዝርፊያውን በር ላይ ሆኖ ያየ ሽማግሌ ቃሉን ሰጥቶ ቢሞት ወይም ቢጠፋ የተመዘገበው ቃሉ ይነበባል። ካሸሯ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረች ማለት ግን ለዚህ አይበቃም፤ ተጠርታ ትመጣለች።

ሞት ቢፈረድ እንኳ ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸና አይፈጸምም፤ ወንጀሉ ሲፈጸም 18 ዓመት ባልሞላው ላይም አይወሰንም።

የሟች ቤተሰብስ? በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት ችሎቱ ክሱን መስማት ሲጀምር የካሣ አቤቱታ ማስገባት ይችላሉ። ብዙዎች ፍርዱ ካለቀ በኋላ ይመጡና አልፎባችኋል ይባላሉ። ያኔ የሚቀረው የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 የካሣ ክስ በ2 ዓመት ይታገዳል፤ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሲሆንና የወንጀሉ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ሲረዝም ግን የሚቆጠረው የወንጀሉ ነው። «ሁለት ዓመት አልፏል» ተብለው የተመለሱ ቤተሰቦች ይህችን ንዑስ አንቀጽ ይዘው ጠበቃ ቢያነጋግሩ ይሻላል።