«ሙሉና የመጨረሻ ስምምነት» ማለት ምን ማለት ነው?

የሕንድ መንግሥት ራሱ የአሜሪካውን ኬሚካል ኩባንያ ዩኒየን ካርባይድን ካሳ አስከፍሎ ሳለ በሕንዷ ቦፓል ከተማ የደረሰው የጋዝ አደጋ ተጎጂዎች ለምን ዛሬም ይጮኻሉ? ነገሩ ያለው «ሙሉና የመጨረሻ» የምትለዋ ሐረግ ላይ ነው።

ዲሴምበር 1984፣ ሌሊት ሰው በተኛበት፣ ቦፓል ከነበረው የኩባንያው የፀረ ተባይ ፋብሪካ መርዛማ ጋዝ አፈትልኮ ወጣ። ሰው ዓይኑ እየተቃጠለ፣ እያሳለው በየመንገዱ ወደቀ። በ1985 መንግሥት ተጎጂዎቹን ወክሎ የሚከራከረው እሱ ብቻ እንዲሆን ሕግ አወጣ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ድሃ ብቻውን ከግዙፍ ኩባንያ ጋር ተሟግቶ የት ይደርሳል? ግን መንግሥት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጠይቆ በ1989 በ470 ሚሊዮን ዶላር «ሙሉና የመጨረሻ» ብሎ ተስማማ፣ ያውም ተጎጂዎቹን ሳያማክር! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አብዛኛው ተጎጂ መጀመሪያ እጁ የገባው 25,000 ሩፒ ነበር፣ ዕድሜ ልክ ለሚከተል የሳንባ ሕመም።

እንግዲህ «ሙሉና የመጨረሻ» ማለት፣ ከተፈረመ በኋላ ጉዳቱ ከታሰበው በላይ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ኩባንያው ተመልሶ አይጠየቅም ማለት ነው። መንግሥት በ2010 ተጨማሪ ካሳ ይከፈል ብሎ አመለከተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2023 ውድቅ አደረገው፦ ማጭበርበር ካልተረጋገጠ በቀር ስምምነቱ አይፈርስም፣ የጎደለ ካለ የሚሞላው መንግሥት ነው ብሎ።