ስለ ጄኔራል አማን አንዶም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ታሪክ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት፣ በፈተና ወረቀትም በለቅሶ ድንኳንም ያልተለየኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «አማን አንዶም ደርግን መሠረተ፤ ንጉሡን አወረደ፤ በመጨረሻ የራሱ ጓዶች በሉት» ይላል። ደጋግሜ አርሜዋለሁ፤ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ስለ ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም የሚነገሩትን ስሕተቶች በጽሑፍ ማረም ግድ ሆኖብኛል።

ትንንሾቹን ላስቀድም። አማን የተወለዱት አስመራ አይደለም፤ ቤተሰባቸው ከሐማሴን ቢሆንም የተወለዱት በ1916 ዓ.ም. ካርቱም ነው። የሐረር ጦር አካዳሚ ምሩቅም አይደሉም፤ አካዳሚው በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ ሲጀምር እሳቸው ከነሙሉ ልምዳቸው መኮንን ነበሩ። ለነገሩ መንግሥቱ ኃይለማርያምም የሆለታ እንጂ የሐረር ምሩቅ አይደለም።

«የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት» የሚለውም ስሕተት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ ደርግ ዙፋኑን ለአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን እንደሚሰጥ ነበር ያወጀው፤ ንጉሣዊው ሥርዓት በአዋጅ የተሻረው በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ነው። የፕሬዚዳንትነት ሥልጣን የመጣው በ1980 ዓ.ም. ሲሆን የያዘውም መንግሥቱ ነው። አማን የነበሩት የጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ ሊቀመንበር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። አማን የደርግ መሥራች ቀርቶ አባልም አልነበሩም። ደርግ ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ውስጥ ሲመሠረት፣ ከየጦር ክፍሉ ተመርጠው የመጡት፣ ቁጥራቸው በተለምዶ 120 የሚባለው ተወካዮች፣ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ማዕረግ ያሉ ነበሩ። ከዚያ በላይ ያሉት መኮንኖች ከቤተ መንግሥቱ ጋር የተሳሰሩ ናቸው ተብለው ስለሚጠረጠሩ ሆን ተብሎ ተገለሉ። ይህን አንድ ነጥብ የያዘ ተማሪ ሌተና ጄኔራልን ከመሥራቾቹ መካከል ሊቆጥር አይችልም።

ታዲያ እንዴት ሊቀመንበር ሆኑ? የሻለቆቹ ኮሚቴ ስሙ በሕዝብ ዘንድ የማይታወቅ ስለነበር፣ ወታደሩም ሕዝቡም የሚያከብረው ሰው ያስፈልገው ነበር። አማን በኮሪያ ዘምተዋል። በ1956 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው የኦጋዴን ጦርነት መቀመጫውን ሐረር ያደረገውን ሦስተኛ ክፍለ ጦር መርተው «የበረሃው አንበሳ» ተብለዋል። በዚያ ክፍለ ጦር ያገለገሉ አንድ አረጋዊ ጎረቤቴ፣ «መምህር፣ እኛ አዛዣችን ነበሩ ነው የምንለው፤ የደርግ ሰው ናቸው ብለህ ለልጆች እንዳትነግር» ሲሉ አስጠንቅቀውኛል። ይህ ዝና ግን ለቤተ መንግሥቱ አልተመቸውም፤ ከጦርነቱ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ከአዛዥነት ተነስተው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ተደረጉ። በስም ሹመት ነበር፤ በተግባር ግን ከጦሩ መለየት ነው። ደርግ ሐምሌ 1966 ዓ.ም. ለኤታማዦር ሹምነት፣ ቀጥሎም ለመከላከያ ሚኒስትርነት ሲፈልጋቸው፣ ሊያዝዙት የሚችሉት የራሳቸው ጦር ካጡ አሥር ዓመት ሊሞላቸው ተቃርቦ ነበር። ስም ነበራቸው፤ ጦሩ ግን የሚታዘዘው ሻለቃ መንግሥቱና ሻለቃ አጥናፉ አባተ ለሚመሩት ኮሚቴ ነበር። «ንጉሡን አወረደ» የሚለውም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ስሕተቱ ጎንደር ላይ ለምን እንደጸና ይገባኛል። በዚህ ከተማ ደርግ ሲባል በትልልቆቹ ዘንድ የሚታወሰው የደርግ የጎንደር አስተዳዳሪ የነበረው ሻለቃ መላኩ ተፈራ፣ በቀይ ሽብር ያለቁት ልጆችና የእናቶቻቸው እንጉርጉሮ ነው፤ ስሙ ከደርግ ጋር የተነሳ ሁሉ በዚያው ዓይን ይታያል። ሐዘኑን አከብራለሁ። ሆኖም አማን የሞቱት ቀይ ሽብር ከመታወጁ ከሁለት ዓመት በላይ ቀድሞ ነው፤ የሞቱበትም ምክንያት በከፊል የታሰሩት ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ እንዳይገደሉ በመቃወማቸው ነው። በኤርትራም ጉዳይ አስመራ ድረስ ሄደው ሰላማዊ መፍትሔ ሲፈልጉ፣ ደርግ ግን ተጨማሪ 5,000 ወታደር ይላክ ይል ነበር። አልተስማሙም፤ ከሥራ ቀርተው ቤታቸው ተቀመጡ፤ ኅዳር 8 ቀን ከሥልጣን ተነሱ።

«ከስልሳዎቹ ጋር ከርቸሌ ተረሸኑ» የሚለውም እንዲሁ መታረም አለበት። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የቀድሞዎቹን ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተወልድን፣ እንዳልካቸው መኮንንንና ሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበን ጨምሮ «ስልሳዎቹ» የሚባሉት እስረኞች በተረሸኑበት ምሽት፣ አማን የሞቱት አዲስ አበባ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው፣ ሊይዛቸው ከተላከ ጦር ጋር በተደረገ የተኩስ ልውውጥ ነው። ስማቸው ከተረሸኑት ጋር አብሮ በመነገሩ ብቻ ቦታውም አንድ መስሎ ቀረ።

የዘመን አቆጣጠሩን በተመለከተ ተማሪዎቼን የምመክረው ይህን ነው። ከፈረንጅ መጽሐፍ 1974 ያገኘ ተማሪ በደፈናው ስምንት ቀንሶ የንጉሡን መውረድ 1966 ብሎ ይጽፋል፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የሚቀነሰው ግን ሰባት ነው። በዚህ ስሌት ደርግ የተመሠረተው በ1966፣ ንጉሡ የወረዱትና አማን የሞቱት በ1967 መሆኑ ይለያል፤ ካልተለየ ግን ሁሉም በአንድ ዓመት ተጨፍልቆ አማን ከመሥራቾቹ ጋር ይቀመጣሉ።

መንግሥቱ በቀጥታ አማንን ተካ የሚሉም አሉ። የተኩት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ናቸው፤ እሳቸውም ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. እስኪገደሉ ድረስ ሊቀመንበር ነበሩ፤ መንግሥቱ ቦታውን የያዘው ከዚያ በኋላ ነው።