«ዲጂታል» የጥርስ ራጅ ጨረር የለውም?

አለው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ አይፈረድበትም፣ ስሙ ራሱ ያሳስታል። ዲጂታል የሆነው ጨረሩ ሳይሆን ምስሉን የሚቀበለው ነገር ነው። ድሮ አፍ ውስጥ ትንሽ ፊልም ይገባና በኬሚካል እስኪታጠብ ይጠበቅ ነበር። አሁን በፊልሙ ፋንታ ሴንሰር ይገባል፤ ምስሉ በሰከንዶች ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ይወጣል። ሴንሰሩ ትንሽ ጨረር ይበቃዋል። የመንጋጋ ጥርሶችን ለማየት የሚነሱ 4 ትንንሽ ራጆች በአንድ ላይ የሚሰጡት ጨረር 0.005 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ ነው፤ በ1 ቀን ከአካባቢያችን ከምናገኘው የተፈጥሮ ጨረር አይበልጥም።

ስለዚህ አትፍሩት። ግን «ዲጂታል ነው» ተብሎ ያለ ምክንያት በየቀጠሮው መነሳት የለበትም። ለምን እንዳስፈለገ ጠይቁ። ደግሞ ምስሉን በስልካችሁ ወይም በፍላሽ ተቀበሉ፤ ሌላ ክሊኒክ ስትሄዱ እንደገና ከመነሳት ሊያድናችሁ ይችላል።